ሣር ያልበቀለበት መቃብር

ቺን ከተቀበረ ዓመት ሊሞላው ሲል እንኳ መቃብሩ ላይ አንዲት ሰበዝ ሣር አልበቀለችም። በእኛ ዳርቻ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም። ወንዙ ወደ ባሕር የሚገባበት ይህ የጭቃ ምድራችን ሌላ ነገር ቢያጣ አረም አያጣም። ሥራ የፈታ የጀልባ ገመድ አረንጓዴ ያወጣል። ጣራ ላይ ይበቅላል፣ የተጣለ ጫማ ውስጥ ይበቅላል፣ የሽንት ቤት መረማመጃ ላይ ሳይቀር ይበቅላል። ቺን ላይ ግን እምቢ አለ።

ሚስቱ ሉዋ ያልሞከረችው ነገር የለም። ቢጫ የመቃብር አበባ ተከለች፤ ሳምንት ሳይሞላው ቅጠሉ ከዳር ከዳሩ ተቃጠለ። ከቺን ታናሽ ወንድም ከሙይ ግቢ ሣር ከነሥሩ ፈንቅላ አምጥታ አለበሰችው፤ እሱም እንደ ሻይ ቅጠል ተኮማትሮ ቀረ። በጋው ሲገባ ጉብታው ተሰነጣጠቀና በስንጥቁ መሃል እርድ የመሰለ ቢጫ ዱቄት ወጣበት። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ደግሞ ከሥሩ ቀይ ውሃ መጣና በእግር መንገዱ ወርዶ የቤቷ ደረጃ ድረስ ደረሰ። ቤተሰቡ ሽሪምፕ በሚያረባበት ኩሬ፣ በመቃብሩ በኩል ባለው ጥግ፣ ሽሪምፖቹ ሆዳቸውን ሰጥተው ተንሳፈፉ። ጎረቤቷ ናም፣ አፏ ከሐሳቧ የሚቀድም ሴት ናት፣ ውሃውን ስታይ "ውይ፣ ደም ይመስላል እኮ!" አለችና አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ያዘችው ግን ካመለጣት በኋላ ነው።

ሉዋ ምክንያቱን ማንንም አልጠየቀችም። ታውቀዋለቻ። ቺን ተቆጥቷታል።

ነገሩ ሆስፒታል ውስጥ የተጀመረ ነው። ቺን ጉበቱን ታሞ ከተማ ሲተኛ ሐኪሙ በመጀመሪያው ሰሞን ብዙ ያወራ ነበር፤ እያደር ወሬው እያጠረ መጣ። ሐኪም ወሬ ሲያሳጥር ምን ማለት እንደሆነ እኛ ሁላችንም እናውቃለን። በሽተኛው ወደ ቤቱ ይወሰዳል። ጀልባ ላይ ተጋድሞ፣ አየር በእጅ እየተነፋለትም ቢሆን፣ የመጨረሻዋን ትንፋሽ በገዛ አልጋው ላይ እንዲተነፍሳት ይደረጋል። ውጭ የሞተ ሰው ሬሳው ቤት አይገባም፤ ግቢው ውስጥ ሸራ ተወጥሮለት እስኪቀበር ደጅ ይተኛል። ይህን ቺን ያውቃል፣ ሉዋም ታውቃለች።

"ሉዋዬ፣ ቤቴ ውሰጂኝ" አላት።

"ነገ" አለችው። በማግስቱ አዲስ መርፌ ሊጀምሩለት ነበር።

በማግስቱም "ቤቴ" አለ። እሷም "መርፌው ይሥራ እስኪ፣ ትንሽ ታገሰኝ" አለችው። ከዚያ ወዲያ አልጠየቃትም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሷ የሩዝ አጥሚት ልትገዛ ወርዳ ስትመለስ አልፏል።

እንግዲህ ቋሚዎቹን ባሕሩ ዳር ጨው ውሃ ውስጥ ከሚበቅለው የማንግሮቭ ዛፍ ጫካ በገዛ ትከሻው ተሸክሞ የሠራው ቤት እያለ ቺን ደጅ ላይ ሸራ ሥር ተኛ። ጊዜው የባሕሩ ሙላት የሚከፋበት ወር ነበርና ግቢው ሁሉ ውሃ ለብሷል። ልጆቹ ቱዋንና ሎይ አባታችንን ውሃ ውስጥ አናስተኛም አሉ። ኤክስካቫተር የሚሉት የመቆፈሪያ መኪና ያለውን ሰው ለምነው፣ ከኩሬው ወለል ጥቁሩን ጭቃ አስዝቀው፣ ቀብሩ ላይ የሰው ደረት የሚደርስ ጉብታ ቆለሉለት። በመንደራችን እንዲያ ያለ ከፍ ያለ መቃብር አግኝቶ የሚያውቅ ሰው የለም። ለቀስተኛው ሁሉ "እንዲህ ያለ ልጅ ይስጠን" እያለ ሄደ። ሉዋ ግን ሸራውን እንጂ ጉብታውን አላየችም።

ቀብሩ ወር ካለፈው ወዲህ በየቀኑ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል አንድ ስኒ ሻይ ይዛ ወደ መቃብሩ ትሄዳለች። ሻዩን ታስቀምጥና ጉብታውን ዞር ዞር ብላ ትፈትሻለች።

"ዛሬም የለም አይደል?" ትለዋለች። "እልኸኛ! ድሮም ስታኮርፍ ሳምንት አትናገር። የወንድምህ ሙይ ዳክዬ ኩሬያችን ገባ ብለህ አንድ ወር ሙሉ ከእሱ ጋር ያልተነጋገርክ ሰው አይደለህ? ዳክዬውንኮ በልተነዋል!"

ቺን ዝም ይላል። ሉዋ ትናደዳለች። ተናዳ ስትመለስ ግን ይርባታል፤ ሩዙን በተጠበሰ ዓሣ ጥርግ አድርጋ ትበላና ከልጆቿ ጋር ትነታረካለች፣ የናምን ዶሮዎች ከግቢዋ ታባርራለች። ያያት ሁሉ "ሉዋማ በረታች" ይል ነበር።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ግን ንዴቷ አለቀ። ዓመት ሙሉ ያኮረፈ ሰው ከእንግዲህ አይታረቅም ብላ ቆረጠች። ወንዙን ተሻግሮ አንድ የሴት መነኮሳት ፓጎዳ አለ። ሙት ዓመቱን አብልታ በዚያው ዕለት ወደዚያ ልትሄድ፣ ጸጉሯን ተላጭታ እዚያው ልትቀር ወሰነች። ግራጫ ልብሷን በከረጢት አድርጋ በሩ አጠገብ ሰቀለችው።

"እኔ ከዓይኑ ስርቅ ምናልባት ያርፍ ይሆናል" አለቻቸው ልጆቿን።

"እማዬ ሙች፣ አንቺ ፓጎዳ ገብተሽ ማንን ልትቆጪ ነው?" አለ ታናሹ ሎይ። "መነኮሳቱ አንድ ወር አይችሉሽም።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ታሳድደው ነበር። "በጀልባህ ታደርሰኛለህ፣ አበቃ" ብቻ አለችው። ከመጀመሪያው ዝናብ ወዲህ ታላቁ ልጇ ቱዋን ቃል ከአፉ አይወጣም ነበር፤ እሷም የአባቱ ኀዘን ገና አልለቀቀውም ብላ ትተወው ነበር። ከረጢቱን ባየች ቁጥር የራሷም ሆድ ይባባል። የወለደችበት ቤት ነው፣ ያረጀችበት ቤት ነው፣ አሁን ደግሞ ባሏ በሞቱ የነፈጋት ቤት ነው።

ትሪን የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው። የባሕር ዳርቻውን ጭቃ በረጅም የብረት ቱቦ እየቀዳች የምትመረምር፣ ከአፈር ምርምር የተላከች ሳቂታ ልጅ ናት። ማረፊያ ስታጠያይቅ ሰዎች ወደ ሉዋ ቤት አመለከቷት። አመሻሹ ላይ ከኩሬው ዳር የቀዳችውን ጭቃ ጣውላ ላይ ገፍታ ስታወጣው እንደ ክንድ የረዘመ ጥቁር ነገር ተጋደመ፤ ሽታው ግቢውን ሞላው።

"ኧረ በሞቴ! የበሰበሰ እንቁላል!" አለች ናም አፍንጫዋን ይዛ። "ሎይ፣ አንተ እንዳትሆን ብቻ።"

"እኔን ምን አድርግ ነው የምትዪኝ?"

ትሪን እየሳቀች ከጭቃው ቆንጥራ ሳህን ላይ አጠበችና ማጉያ መነጽሯን ለሉዋ ሰጠቻት። ሉዋ አንድ ዓይኗን ጨፍና አየች። ከጥቁሩ ጭቃ መሃል ደቃቅ ቢጫ ነገሮች ያብለጨልጫሉ።

"ልጄ፣ ይሄ ወርቅ ነው እንዴ?"

ወርቅ የሚለውን ሲሰማ ሎይ መረቡን ጥሎ ሮጦ መጣ።

"አትልፋ ወንድሜ፣ ማንም አይገዛህም" አለችው ትሪን። "ብረትና ድኝ ነው። ፓይራይት ይባላል።"

"እዚህ ማን ጨመረው?"

"ማንም አልጨመረውም፣ ጭቃው ራሱ ነው የሚሠራው። እማማ፣ ባሕሩ ጨው ብቻ ይዞ የሚመጣ ይመስልዎታል? ድኝም አለበት፤ ሟሙቶ ስለሆነ አይታይም። ወንዙ ደግሞ ከላይ አገር የሚያመጣው ቀይ ደለል ውስጥ ብረት አለ። የማንግሮቩ ቅጠል ይረግፍና ጭቃው ውስጥ ይቀበራል። እዚያ ታች አየር የለም። አየር በሌለበት የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን አሉ፤ ቅጠሉን እየበሉ፣ እኛ አየር እንደምንስበው እነሱ የባሕሩን ድኝ ይስባሉ። መልሰው ሲተነፍሱት ነው እንዲህ የሚሸተው።"

"እሰይ! እኔ ነጻ ወጣሁ" አለ ሎይ።

"ያ የሚሸተው ነገር የወንዙን ብረት ሲያገኝ መጀመሪያ ጭቃውን ያጠቁረዋል። እያደር ደግሞ ይጠጥርና እንዲህ ይሆናል። በትልቁ ማጉያ ቢያዩት ብዙ ፍሬ አንድ ላይ ተጠጋግቶ እንጆሪ ነው የሚመስለው። ካልተነካ ምንም አይሆንም። በላዩ ሌላ ጭቃ፣ በዚያም ላይ ሌላ ጭቃ እየተጫነ፣ ዘመን ከዘመን ሲያልፍ እንደ መጽሐፍ ገጽ የሚላላጥ ጥቁር ድንጋይ ይሆናል። ይቺ ብልጭልጭ ነገር እዚያ ድንጋይ ውስጥ ቁጭ ብላ ትገኛለች።"

"ከተነካስ?" አለች ሉዋ።

"ወጥቶ አየር ካገኘው ይቃጠላል። እሳት የለውም፣ ግን ያው መቃጠል ነው። አሲድ ይሆናል፣ የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው ዓይነት።"

"ይሄማ ሸባችን ነው!" አለች ሉዋ። "አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የታገለው ሸብ። መሬቱ ከደረቀ እንደ ሎሚ ይኮመጥጣል፣ ሩዙን ከሥሩ ያነደዋል። ውሃ ከላዩ እንዳታጠፉ እያለ ሲጮኽብን ነው ያደግነው።"

"እሱው ነው እማማ። አባትዎ በደንብ ያውቁት ነበር።"

ቱዋን ደረጃው ላይ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። በዚህ መሃል ተነሣና "ጀልባዋን ልሰር" ብሎ ወጣ። ጀልባዋ ከቀትር ጀምሮ ታስራለች።

እንግዲህ ይህን የሚሰማ ሰው፣ ሴትዮዋ እንዴት ያኔውኑ አልገባትም ማለቱ አይቀርም። ሉዋ ሸብን ጡት ስትጠባ ጀምሮ ታውቀዋለች። ግን ሸብ የእርሻ ነገር ነው፣ የኩሬ ነገር ነው። መቃብር ሌላ ነው። ባሏ የተኛበትን አፈር እንደ እርሻ አፈር ቆንጥራ ልትቀምስ እንዴት ይምጣላት? ደግሞስ የተቆጣ ባል እያላት ስለ አፈር ምን ታስባለች?

ሙት ዓመቱ ዋለ። ናምና ሌሎቹ ሴቶች ከማለዳ ጀምረው የአሳማ ሥጋውን በኮኮናት ውሃ ከእንቁላል ጋር ወጠወጡት፣ የዓሣውን ጎምዛዛ ሾርባ ሠሩ። ምንጣፍ ተነጠፈ፣ የሩዝ አረቄ ቀረበ። የቺን ፎቶ ቤት ውስጥ ባለው የሙታን መታሰቢያ መሠዊያ ላይ ሆኖ፣ እንደ ልማዱ ቅንድቡን ከስክሶ ሁሉንም ያያል። ሙይ የሟች ወንድም ነውና ከራስጌ ተቀመጠ። ሉዋ ለሁሉም ቆንጆ ቆንጆውን እያነሳች ታድላለች፤ የስንብት ምግቧ ነው፣ ማንም ቅር እንዲለው አልፈለገችም። ከረጢቱ በሩ አጠገብ ተሰቅሏል፤ ሰዉ ሁሉ እያየው እንዳላየ ያልፋል።

ትሪን እንግዳ ናትና የቤቱን ጌታ ሰላም ሳትል መብላት ነውር መሰላት። ዕጣን ለኩሳ ብቻዋን ወደ መቃብሩ ሄደች። እስከዚያ ቀን ሥራዋ በባሕሩ በኩል ስለነበር ወደዚያ አልሄደችም። ስትመለስ ፊቷ ላይ ሥራ ያገኘ ሰው መልክ ነበር። ተቀመጠችና ምንም ክፋት ሳይኖርባት ጠየቀች።

"እማማ፣ ያንን የኩሬ ወለል ጭቃ መቃብሩ ላይ ማን ነው የቆለለው? የነገርኩዎት ሸብ እኮ ነው። ካልተነሣና ኖራ ካልተደረገበት ምን ቢተክሉበት አይበቅልም።"

እንጨት ማንኪያው በየአፉ ጫፍ ቀረ። ሙይ በባዶ ጉሮሮው ሳለ። ናም ደንገጥ ብላ "ሾርባው በረደ፣ ብሉ እንጂ፣ ብሉ!" አለች። ትሪን ምን እንዳጠፋች ባይገባትም፣ እንዳጠፋች ገባትና ፊቷ ቀላ።

ሉዋ የሳህኑን ጠርዝ እንደያዘች ዙሪያውን አየች። አንድ በአንድ አየቻቸው። ምን ማለቷ ነው ያለ፣ እውነት ነው እንዴ ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ሁሉም ያቀረቀረው የሚያውቀውን ነገር ሲሰማ ነው።

"ታውቁ ኖሯል" አለች።

"እትዬ፣ እኔ እንኳ…" ናም ተንተባተበች። "ከዝናቡ በኋላ ነው የጠረጠርኩት። ያ ቀይ ውሃ፣ ያው እርሻ ላይ እንደምናየው…"

"ደም ይመስላል ያልሽኝስ?"

"አፌ ነው፣ ታውቂው የለ እትዬ! አፌን በቆረጠው!"

"አንተስ ሙይ?"

ሙይ አረቄውን አስቀመጠ። "እትዬ፣ የመቃብር ነገር ነው። ሦስት ዓመት ሳይሞላው አፈሩ አይነካም። የማይነካ ነገር ቢወራ ምን ይጠቅማል? ደግሞ ልጆቹ አባታቸውን ሲያከብሩ ነው ያደረጉት። አሁን አባታቸውን በሸብ ቀበሩት ተብሎ ይወራባቸው?"

"ስለዚህ እሱ ረገመኝ ብዬ ልኑር?"

ሉዋ ወደ በኩር ልጇ ዞረች። ቱዋን አንገቱን ደፍቶ ጉልበቱን እያየ ነበር።

"አንተስ?"

"ከመጀመሪያው ዝናብ ጀምሮ" አለ ቱዋን። "ኤክስካቫተሩን ከታች ቆፍር ያልኩት እኔ ነኝ። ጠንካራው ጭቃ እሱ ነው ብዬ። አፈርኩ እማዬ።"

"አፍረህ እናትህ ጸጉሯን ተላጭታ ትሂድ አልክ?"

"ዛሬ ጀልባው ላይ ልነግርሽ ነበር። ማታ ማታ እነግራታለሁ እላለሁ፣ ከዚያ…" ቀና አለ። "እማዬ፣ የቀብሩ ሰሞን አትበዪም ነበር። አንድ ወር በሩዝ ውሃ ብቻ ነው የኖርሽው። አንድ ቀን ግን ሻይ ይዘሽ ሄድሽ፣ ተቆጥተሽው መጣሽ፣ መጥተሽም በላሽ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ትቆጪዋለሽ፣ በየቀኑም ትበያለሽ። ጭቃ ነው ብልሽ ማንን ልትቆጪ ትሄጃለሽ?"

ሉዋ ልጇን በጥፊ ልትለውም፣ ልታቅፈውም ፈልጋ ሁለቱንም ሳታደርግ ቀረች። ተነሣች፤ ለክብር የለበሰችውን ጥቁር የሐር ሱሪ እስከ ጉልበቷ ሰበሰበችና ከወጥ ቤቱ ጀርባ መኮትኮቻና ቅርጫት አንሥታ ወጣች።

ሙይ ተከትሏት ሮጠ። "እትዬ! ሦስት ዓመት ሳይሞላው! ኧረ ነውር ነው!"

"ነውሩ ሸብ አልብሳችሁት ዝም ማለታችሁ ነው። ዞር በልልኝ።"

"ጉብታው ከወረደ ሙላቱ ይነካዋል! ውሃ ውስጥ ይተኛልኮ!"

"ዕድሜውን ሙሉ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ ያረጀ ሰው ዛሬ ውሃ ይፈራል?" አለችና መኮትኮቻውን ሰነዘረች።

ቢጫው ቅርፊት እየተፈረካከሰ ወረደ። ቱዋን መጣ፣ ሎይ መጣ። ትሪን ልታለቅስ ምንም አልቀራት፤ "እማማ ይቅርታ፣ እኔ አላወቅሁም" እያለች ከኋላቸው ትከተላለች።

"አንቺ ምን አጠፋሽ ልጄ? ይልቅ ንገሪን። ወደ ኩሬው እንጣለው?"

"ወደ ኩሬው አይሆንም፣ ያሉትንም ሽሪምፖች ይጨርሳቸዋል።" ትሪን እንባዋን በክንዷ ጠረገች። "ከኩሬው ጋር የማይገናኝ ጥልቅ ቦይ ካለ እዚያ ኖራ እየነሰነስን እንቅበረው። ውሃው ከላዩ አይጥፋ እንጂ ከእንግዲህ አይነድም። እንደ መጀመሪያው ይተኛል።"

የሙይ አሮጌ ቦይ ነበር። ሙይ ቆሞ ሲያይ ቆየ፤ በመጨረሻ ጫማውን አወለቀ። "ዳክዬ ያሳደግኩበትን ቦይ ለቺን ሸብ!" እያለ እያጉረመረመ ቅርጫት ተሸከመ። ናምና ሌሎቹም ሾርባውን ትተው ተነሡ። የክት ልብስ የለበሰው ሰው ሁሉ በሰልፍ ጭቃ ሲያመላልስ ላየ፣ ሙት ዓመት ሳይሆን ግድብ የሚሠራ ይመስለዋል።

ሉዋ እየኮተኮተች መሃሉ ግርጌ ላይ ስትደርስ ጭቃው ተለወጠ። ላዩ ብቻ ነው የነደደው። ውስጡ ገና ጥቁር፣ እርጥብ፣ ቀዝቃዛ ነበር፤ ያው የበሰበሰ እንቁላል ሽታ አፍንጫዋን መታት። ዓመት ሙሉ እዚያው ሲቆይ አየር አልደረሰበትም። በእጇ ዘግና ያዘችው። ከኩሬው ወለል የወጣ ዕለት እንደነበረው ነው። አጠገቡ ቁጭ አለች፤ ሱሪዋን አልተጠነቀቀችለትም።

"ቺን" አለች ቀስ ብላ። ሰው ሁሉ ቅርጫት ይዞ ወደ ቦዩ የሄደ መስሏት ነበር። "ልወስድህ ይገባኝ ነበር። መርፌውን አምኜ አይደለም የቆየሁት። ጀልባው ላይ እጄ ላይ ብትሞትብኝ ብዬ ፈርቼ ነው። ቤት ገብተህ፣ ተኝተህ፣ እኔ ቁጭ ብዬ የመጨረሻዋን ትንፋሽ እስክጠብቅ… አልቻልኩም። ሐኪም ቤት ሰው አለ። ብቻዬን አልሆንም ብዬ ነው። ፈርቼ ነው ቤትህን የነፈግኩህ።"

ከዚያ ጠበቀች። የምታውቀውን ዝምታ ነበር የጠበቀችው፤ ቅንድቡን የከሰከሰ ሰው ዝምታ፣ ምሳውን ሳይነካ የሚነሣ ሰው ዝምታ። በጋብቻቸው ዘመን ሁሉ ያንን ዝምታ ስታባብለው፣ ስትሰድበው፣ ስትስቅበት ኖራለች። አሁን ግን የሚያኮርፍ ሰው አጣች። እጇ ላይ ጭቃ አለ፣ ጎኗ ላይ ጭቃ አለ፣ ከባሕሩ ነፋስ ይመጣል። ከዚያ ሌላ ምንም አልነበረም።

ሎይ ባዶ ቅርጫቱን ይዞ ሲመለስ እናቱን እንደዚያ ተቀምጣ አገኛት። ፈራ ተባ እያለ ተጠጋ። "እማዬ፣ ፀሐዩ እየዞረ ነው። የጀልባውን ሞተር ላስነሣ ወይስ…"

"ተወው" አለች። "ከአባትህ ቁጣ ልሸሽ ነበር የምሄደው። ከምን ልሽሽ አሁን?"

ሎይ ቅርጫቱን ጥሎ ከረጢቱን ከበሩ ላይ ሊያወርድ ሮጠ፤ ሐሳቧን ሳትለውጥ ልቅደም ብሎ መሆን አለበት።

ቱዋን ግን ከጉብታው ማዶ ቆሞ ሰምቷል። ደረቱ ድረስ የነበረው ክምር ወርዶ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ አልቀረም፤ እናትና ልጅ ያለ ከልካይ ይተያያሉ። እስከ ክንዱ በጭቃ ተለውሷል። እናቱ የምትሰድበው መስሎት ትከሻውን ሰብስቦ ጠበቀ።

"ቱዋኔ" አለችው። በዚህ አጠራር ልጅ ሳለ ነበር የምትጠራው። "አባትህ አልተቆጣኝም።"

"አልተቆጣሽም እማዬ። መቼም ተቆጥቶሽ አያውቅም።"

"አልተቆጣም" አለች እንደገና፤ ከዚያም ዓመት ሙሉ ማንም ያልነገራትን ነገር እሷ ለልጇ የምታረዳ ይመስል ቀና ብላ አየችው። "ሞቶ ነውኮ።"

የቱዋን መኮትኮቻ ከእጁ ወደቀ። በቀብሩ ዕለት ጭቃ ሲያስቆልል፣ ሰው ሲያስተናግድ፣ ሲላላክ ውሎ ያላለቀሰው ልጅ፣ ጉልበቱን አጥፎ እዚያው ጭቃ ላይ ተንበርክኮ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሉዋም አለቀሰች። በእጇ ዘግና የያዘችውን ጥቁር ጭቃ አልለቀቀችውም፤ በሌላው እጇ የልጇን አንገት ስባ ደረቷ ላይ አስጠጋችው፣ ሁለቱም በደንብ እስኪወጣላቸው ድረስ አለቀሱ። ሙይ ቅርጫት ይዞ ሲመጣ አያቸውና ድምፁን አጥፍቶ ወደ መጣበት ተመለሰ፤ ሌሎቹንም ቦዩ ጋ አስቆማቸው።

በኋላ ሉዋ ፊቷን በክንዷ ጠራርጋ ተነሣች። ጭቃውን ቅርጫት ውስጥ ጨመረችው።

"ይችን አድርሳትና ና" አለችው ቱዋንን። "ሰዉ ምሳውን አልበላም።"